ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል? የአንድ ወሬ ታሪክ

ዛሬ ከወትሮው ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ስኳሯን ቀነስ አድርጋችሁ፣ ተረጋግታችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩን ያስጀመሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፤ ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በሁለት ዓይነት ኪኒን ስኳራቸው አልወርድ ስላለ «ኢንሱሊን እንጀምር» አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ እሱን እንኳን ተይው። ጎረቤቴ መርፌውን በጀመረች በዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። እኔ በዓይኔ እያየሁ ልሙት» አሉኝ።

«እማማ፣ ዓይናቸውን ያጠፋው መርፌው አይደለም» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ አልፈርድባቸውምም። እሳቸው በዓይናቸው ያዩት ነገር አለ፤ እኔ ደግሞ ያቀረብኩላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ታሪኩን በሙሉ እንዳልነግራቸው ከበር ውጭ ብዙ ሰው ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ይህን ወሬ እናንተም ሰምታችሁታል፤ በኮሜንትም በውስጥ መስመርም ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መቶ ሰባ ዓመት ያህል መመለስ ይኖርብናል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከብሌኑ ወዲያ

እስከ 1850 ድረስ የሕያው ሰው ዓይን ውስጡ ምን እንደሚመስል ለሐኪሞች ምስጢር ነበር። ብሌኑ ጥቁር ነው፤ ከጥቁሩ ወዲያ ያለውን ማየት የሚቻለው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነበር። በ1851 ሄርማን ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ብርሃንን ወደ ዓይን ውስጥ አስገብቶ ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን ለሐኪሙ የሚያሳይ አነስተኛ መሣሪያ ይፋ አደረገ። ኦፍታልሞስኮፕ ይባላል። ዛሬ ሐኪም ክፍሉን አጨልሞ፣ ፊቱን ወደ ፊታችሁ አስጠግቶ፣ በትንሽ መብራት ዓይናችሁን ሲያይ በእጁ የያዘው መሣሪያ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ፣ ቪየና ውስጥ ኤድዋርድ ያገር የተባለ የዓይን ሐኪም በአንድ የስኳር ሕመምተኛ ሬቲና ላይ ቢጫ ነጠብጣብና የፈሰሰ ደም ማየቱን ጻፈ። ሬቲና ማለት ከዓይናችን በስተኋላ በኩል ውስጡን የለበሰው፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው ስስ ሽፋን ነው። ያገር ያየውን ነገር ከስኳሩ ጋር አያያዘው። በዘመኑ ታላቅ የሚባለው የዓይን ሐኪም አልብሬክት ፎን ግሬፈ ግን አልተቀበለውም፤ ስኳር ይህን ለማምጣቱ ማስረጃ የለም አለ። ሙግቱ አሥርተ ዓመታት ፈጀ። በ1872 ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ኔትልሺፕ ከሕመምተኞች ዓይን የተገኘ ማስረጃ አቀረበ፤ በ1890 ደግሞ በርሊን ላይ ዩልየስ ሂርሽበርግ በስኳር የሚመጣውን የሬቲና ጉዳት በየዓይነቱ ለይቶ ጻፈ። ከዚያም በኋላ «ይኼ የደም ግፊትና የኩላሊት ጉዳት እንጂ የስኳር አይደለም» የሚሉ ሐኪሞች አልጠፉም።

ይህን ሁሉ ዓመት የተከራከሩት ሞኞች ስለነበሩ አይደለም። የሚመረመር ሰው አነሳቸው። የስኳር በሽታ ዓይንን የሚጎዳው ዓመታት ቆጥሮ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ በልጅነቱ ስኳር የያዘው ሰው ዓመታት የሚቆጥርበት ዕድሜ አልነበረውም። በወራት፣ ቢበዛ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ይሞት ነበር።

1922፣ ቶሮንቶ

የኢንሱሊንን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ሁሌ ስናገረው አዲስ ይሆንብኛል። ጥር 11 ቀን 1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ብቻ የወረደ፣ ከእንስሳ ጣፊያ የተጨመቀ ፈሳሽ ተወጋ። የመጀመሪያው ጭማቂ ቆሻሻ ስለነበረው ብዙም አልሠራም፤ የተወጋበት ቦታም አበጠበት። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ጄምስ ኮሊፕ ይበልጥ አጥርቶ ያዘጋጀውን ሲወጉት ግን ስኳሩ ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኤልሳቤጥ ሂዩዝ የተባለች የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ ቶሮንቶ ደረሰች፤ 15 ዓመት ሊሞላት ቀናት ቀርተዋት ክብደቷ 20 ኪሎ ያህል ነበር። ያኔ የነበረው ብቸኛ ሕክምና ምግብ መከልከል ነበርና በረሃብ ነው የቆየችው። እሷ ኢንሱሊን እየተወጋች አግብታ፣ ወልዳ፣ እስከ 1981 ኖረች።

የእኛ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በ1922 ከሞት የተረፉት ልጆች አደጉ። ሥራ ያዙ፣ አገቡ። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ሐኪሞች በወጣት ላይ አይተውት የማያውቁትን ነገር በብዛት ማየት ጀመሩ፤ ገና በሠላሳ ዓመታቸው ኩላሊታቸው የሚደክም፣ የዓይናቸው ብርሃን የሚጠፋ ሰዎች።

እስቲ ከውጭ ሆናችሁ ተመልከቱት። ኢንሱሊን የወሰዱት ሰዎች ዓይናቸው ጠፋ። ኢንሱሊን ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ልጆች ዓይናቸው አልጠፋም። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ይመስላል? መርፌው። የቀደሙት ልጆች ዓይናቸው ያልጠፋው ግን ለዚያ ሳይደርሱ በመሞታቸው ነው። ኢንሱሊን ዕድሜ ሰጠ፤ ዕድሜው ውስጥ ደግሞ ስኳሩ ሥራውን መሥራት ቀጠለ። መርፌው የተፈረደበት ሕመምተኛውን በማቆየቱ ነው ማለት ነው።

የጎረቤታቸው ነገር ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ያለበት፣ ብዙውን ጊዜ ከጎልማሳነት በኋላ የሚመጣው ዓይነት 2 የሚባለው ስኳር ነው። ይህ ስኳር ቀስ ብሎ ይገባል፤ ሰው እንዳለበት ሳያውቅ ዓመታት ይቆያል። ከዚያ በኪኒን ዓመታት ይሄዳል። ኢንሱሊን የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ኪኒኑ አልበቃ ሲል ነው። ያን ጊዜ የሬቲናው ጉዳት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ማንም ስላላየው ነው። በዓመቱ ዓይኑ ሲደማ ሰዉ የሚያስታውሰው የቅርቡን ነገር፣ መርፌውን ነው። ያለፉትን አሥራ ምናምን ዓመታት የሚቆጥር የለም።

ሐቁን ሳልደብቅ አንድ ነገር ልጨምር። ወሬው ውስጥ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል እውነት አለች። ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር፣ በኢንሱሊንም ይሁን በሌላ መድኃኒት፣ በፍጥነት ሲወርድ፣ ቀድሞ የተጎዳ ሬቲና በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ይህ በጥናት የታየ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መፍትሔው መርፌውን መተው ሳይሆን ከመጀመራችሁ በፊት ወይም በጀመራችሁ ሰሞን ዓይናችሁን መታየት ነው። ይህን ለሕመምተኞቻችን አስቀድመን ብንነግር ኖሮ ወሬው ይህን ያህል ሥር ባልሰደደ ነበር ብዬ አስባለሁ። እዚህ ላይ እኛም ሐኪሞቹ አለንበት።

ዓይን ውስጥ ምን ይሆናል?

ባጭሩ ልንገራችሁ። ሬቲናን የሚመግቡት የደም ሥሮች እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ግድግዳቸውን ያደክመዋል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ትንንሽ እብጠት ያወጣሉ፤ በ1940ዎቹ ግላስጎው ውስጥ አርተር ባለንታይን የተባለ ሐኪም እነዚህን እብጠቶች የበሽታው መነሻ ምልክት አድርጎ አሳይቷል። ቀጥሎ የደም ሥሮቹ ያዣሉ። የሚያዣው ፈሳሽ ማኩላ የተባለው ቦታ ላይ ከተጠራቀመ፣ ማለትም ፊደል የምናነብበትና ፊት የምንለይበት የሬቲናው እምብርት ላይ ከሆነ፣ እይታ ይደበዝዛል። ሌሎቹ የደም ሥሮች ደግሞ ይደፈናሉ። ምግብ ያጣው ሬቲና «አዲስ የደም ሥር ይብቀልልኝ» የሚል መልእክት ይልካል፤ የሚበቅሉት ግን ደካሞች ናቸው። ይደማሉ፣ ጠባሳ ይሠራሉ፣ ጠባሳው ሬቲናውን ጎትቶ ይልጠዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አብዛኛው ሲከናወን አያምም። ዓይን አይቀላም፣ አያሳክክም፣ አያለቅስም። የደም ሥሮቹ እየተደፈኑ ሰውየው የታክሲ ታፔላ ከሩቅ ያነባል። ስለዚህ «ዓይኔ ደህና ነው፣ አያለሁ» የሚለው መልስ ስለ ሬቲናችሁ ምንም አይነግረኝም።

የጭንቅ ዘመን

በ1950ዎቹ ሐኪሞቹ ምን ያህል ተስፋ ቆርጠው እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1953 ፖልሰን የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም አንድ ሕመምተኛ ሴት አጋጠመችው። ከወሊድ በኋላ አንጎሏ ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ሞታባት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በስኳር የተጎዳው ሬቲናዋ ተሻለ። በዚህ መነሻነት በአውሮፓና በአሜሪካ የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን ለማዳን ተብሎ ፒቱታሪ ዕጢን ማውጣት ወይም ማጥፋት ተጀመረ። ይህች ዕጢ የሰውነታችን የሆርሞን አዛዥ ናት። የተረፉት ሰዎች ቀሪ ዘመናቸውን በምትክ ሆርሞን ይኖራሉ፤ በቀዶ ሕክምናው የሚሞቱም ነበሩ። ሰዎች ይህን እያወቁ ፈቅደው ይገቡ ነበር። ብርሃንን ማጣት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለመረዳት ይህ ይበቃኛል።

መውጫው የመጣው ካልታሰበ በኩል፣ ከፀሐይ ነው። በ1945 ጀርመን ውስጥ በታየ የፀሐይ ግርዶሽ፣ ግርዶሹን በባዶ ዓይኑ ያየ አንድ የሕክምና ተማሪ ሬቲናው ተቃጠለ። ተማሪውን ያዩት ሐኪም ጌርድ ማየር ሽቪከራት ይባላሉ። የቃጠሎውን ጠባሳ ተመልክተው፣ ብርሃን ሬቲናን በዚህ መልክ የሚያጠብቅ ከሆነ ሆን ብለን ለሕክምና ብናውለው ብለው አሰቡ። መጀመሪያ የፀሐይን ጨረር በመስታወት እየሳቡ ሞከሩ፤ ደመና በመጣ ቁጥር ሥራው ይቆማል። ከዚያ ከሰው ሠራሽ መብራት ጋር ታገሉ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከዛይስ ኩባንያ ጋር በዜኖን መብራት የሚሠራ መሣሪያ አወጡ። በ1960 ቴዎዶር ሜማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሲያበራ የዓይን ሐኪሞች ወዲያው ተሻሙበት።

ግን የት ላይ ይተኮስ? ቦስተን ውስጥ ዊሊያም ቢታምና ሎይድ አይዬሎ የተባሉ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ሁለት ዓይኖቹ በስኳር እኩል መጎዳት የነበረባቸው ሰው፣ አንደኛው ዓይኑ በሌላ ምክንያት ቀድሞ ሰፊ ጠባሳ ካለበት፣ ያ ጠባሳማ ዓይን ከአደገኛው የደም ሥር ቡቃያ ይድን ነበር። ጤነኛ የሚመስለው ሌላኛው ይደማል። የተጎዳው ዓይን ተርፎ ደህናው ሲጠፋ ማየት ግራ ያጋባል። ሐኪሞቹ ግን ፍንጩን ያዙ፤ በሬቲናው ዳርቻ ላይ በሌዘር የተበታተኑ ጥቃቅን ጠባሳዎች ብንሠራስ? ዳርቻው ሲቀንስ ምግብ የሚጠይቀው ክፍል ይቀንሳል፤ «የደም ሥር ይብቀል» የሚለው ጩኸትም ይረግባል።

አንድ ዓይን ለሐኪሙ፣ አንድ ዓይን ለዕጣ

ሐሳቡ ያምራል፤ ፒቱታሪን ማውጣትም አንድ ሰሞን ያማረ ሐሳብ ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት የዓይን ምርምር ተቋም በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጥናት አዘጋጀ። በ15 ማዕከላት ከ1,700 በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። ሁሉም ሁለቱም ዓይናቸው ታሞ ገና የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዓይናቸው በዕጣ ተመርጦ በሌዘር ወይም በዜኖን ብርሃን ይታከማል፤ ሌላኛው ሳይታከም ይጠበቃል።

ይህን ሳስብ ሁሌ ቆም እላለሁ። እነዚህ ሰዎች አንድ ዓይናቸውን ለአዲስ ሕክምና፣ ሌላኛውን ለመጠበቅ ሰጡ። የትኛው እንደሚተርፍ ማንም አያውቅም ነበር። አንዳንዱ ሐኪም ሌዘሩ ራሱ ይጎዳል ብሎ ይፈራ ነበር።

በ1976 ውጤቱ ወጣ። ካልታከሙት ዓይኖች ውስጥ በሁለት ዓመት ከመቶ 16ቱ እይታቸው ክፉኛ ወድቋል፤ ከታከሙት ውስጥ ግን ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ። ልዩነቱ እጅግ ግልጽ ስለነበር አጥኚዎቹ የጥናታቸውን ማብቂያ ሳይጠብቁ ደንቡን ለወጡ፤ ለአደጋ የተጋለጡት ያልታከሙ ዓይኖችም እንዲታከሙ ፈቀዱ። ለአንዳንዶቹ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ዛሬ የዓይን ሐኪም «ሌዘር ያስፈልግዎታል» ሲላችሁ ከጀርባው ያለው የእነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ዓይን ነው።

ሌዘሩ የጠፋን እይታ በአብዛኛው አይመልስም፤ ያለውን ያቆያል። የጎን እይታንና የማታ እይታን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ይህን የምነግራችሁ «ሌዘር ተሠርቼ አልተሻለኝም» ብለው ቀጠሮ የሚያቋርጡ ሰዎች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። እንዳይብስ መደረጉ ራሱ ሥራው ነው።

በ1970 ሚያሚ ውስጥ ሮበርት ማኸመር ደም የሞላውን የዓይን ውስጥ ፈሳሽ በቀጭን መሣሪያ የማውጣት ቀዶ ሕክምናን አስጀመረ፤ የመጀመሪያ ሙከራው በእንቁላል ነጭ ላይ ነበር። «የደም ሥር ይብቀል» የሚለው መልእክት ደግሞ ኬሚካል መሆን አለበት ብሎ ማይክልሰን የተባለ ሐኪም በ1948 ገምቶ ነበር። ኬሚካሉ በስሙ ተለይቶ በስኳር ሕመምተኞች ዓይን ውስጥ በብዛት መገኘቱ የተረጋገጠው በ1994 ነው። ዛሬ ዓይን ውስጥ የሚሰጡት መርፌዎች ይህንኑ ኬሚካል የሚያስሩ ናቸው። ዓይን ውስጥ መርፌ ሲባል ሁላችሁም እንደምትሸማቀቁ አውቃለሁ፤ በማደንዘዣ ጠብታ በጥቂት ሰከንድ የሚያልቅ ነገር ነው። ማኩላቸው ላይ ፈሳሽ ለተጠራቀመባቸው ሰዎች ከሌዘሩ በተለየ፣ የተወሰነ እይታ እስከ መመለስ ይደርሳል።

ስኳሩን መቆጣጠር ይጠቅማል ወይ?

ዛሬ ይህ ጥያቄ ራሱ ያስቃል። እስከ 1993 ድረስ ግን ሐኪሞች ተከፋፍለውበት ነበር። አንዱ ወገን «ስኳሩ ከወረደ ዓይን ይተርፋል» ይላል፤ ሌላው «ጉዳቱ በዘር የተጻፈ ነው፣ ሕመምተኛውን በከንቱ አታሰቃዩት» ይላል።

በ1983 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1,441 ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በዘመኑ የተለመደውን፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት መርፌ፤ ሌሎቹ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ወይም በፓምፕ፣ ስኳራቸውን እየለኩ። ልብ በሉ፤ ብዙ ኢንሱሊን የተወጉት ሁለተኞቹ ናቸው። «ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል» የሚለው ወሬ እውነት ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው የሚጠፋው እነሱ ነበሩ።

የሆነው ተቃራኒው ነው። የሦስት ወር የስኳር አማካያቸው (ኤችቢኤዋንሲ) ወደ 7 የወረደላቸው ሰዎች፣ 9 አካባቢ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ጤነኛ ሬቲና ይዘው ለጀመሩት ጉዳቱ የመጀመር ዕድሉ በ76 ከመቶ ቀነሰ፤ ቀድሞ ለነበረባቸው የመባስ ዕድሉ በ54 ከመቶ ቀነሰ። ያቺ የሰናፍጭ ቅንጣት የምትገኘውም እዚሁ ነው። ቀድሞ ጉዳት ከነበረባቸው አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ዓመት ለጊዜው ባሰባቸው፤ እየቆየ ግን እነሱም ካልተቆጣጠሩት በልጠው ተገኙ። ስኳር ከመጠን በላይ መውረድም በዚህኛው ወገን ሦስት እጥፍ ያህል በዝቷል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት እንጂ በራሳችሁ መጠን አትጨምሩ።

ለዓይነት 2 መልሱ በ1998 ከእንግሊዝ መጣ። እዚያ ያስገረመው ስኳሩ ብቻ አልነበረም። ደም ግፊታቸው በአማካይ ወደ 144/82 የወረደላቸው ሰዎች፣ 154/87 ላይ ከቀሩት ይልቅ የሬቲናቸው ጉዳት የመባስ ዕድል በ34 ከመቶ፣ እይታቸው የመቀነስ ዕድል በ47 ከመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ አሥር ነጥብ ብቻ ነው! ለዓይናችሁ ስትሉ የግፊት ኪኒናችሁን ዋጡ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በስኳር ላይ የቆያችሁበት ዘመን ሲረዝም፣ ኩላሊት ሲጎዳ፣ የደም ቅባት ሲጨምር፣ ሲጋራም ሲኖር አደጋው ይጨምራል። ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ ሬቲናዋ በፍጥነት ሊብስ ስለሚችል ከእርግዝናው በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየት አለባት።

በጊዜ ያዩ አገሮች

አይስላንድ በ1980 የስኳር ሕመምተኞቿን ዓይን፣ ቢያያቸውም ባያያቸውም፣ በየጊዜው መመርመር ጀመረች። ያኔ ከስኳር ሕመምተኞቹ ከመቶ 2.4ቱ ዓይነ ስውር ነበሩ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ 0.5 ሆነ። እንግሊዝ ከ2003 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሬቲና ፎቶ ማንሳት ጀመረች፤ በእንግሊዝና ዌልስ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች የዓይነ ስውርነት ቀዳሚ መንስኤ ሆኖ ቢያንስ ለአምስት አሥርተ ዓመታት የቆየው ይህ በሽታ በ2010 ቀዳሚነቱን እንዳጣ ተመዘገበ። ሁለቱም ቦታ ከመድኃኒቱ እኩል የሠራው ማለዳ ማየት ነው።

ወደ እኛ ስመለስ፣ በ1984 እና በ1991 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሲደርሱ ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ምግባቸውና አኗኗራቸው ሲቀየር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት እንደጨመረ እዚያ ያሉ ሐኪሞች መዝግበዋል። ዛሬ ያንኑ ለውጥ ለማየት አውሮፕላን አያስፈልገንም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጠን እያየነው ነው።

አገራችን ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የዓይን ሞራና ትራኮማ የዓይነ ስውርነት ዋነኛ መንስኤዎች ስለሆኑ፣ እይታ ሲደበዝዝ ሁሉም «ሞራ ነው፣ ይብሰል» ብሎ ይጠብቃል። ሞራ ቆይቶም በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። የተላጠ ሬቲና ግን እየጠበቃችሁት ያልፋል። ስኳር ያለበት ሰው እይታው ሲቀንስ ሞራ ነው ብሎ ራሱ መፍረድ የለበትም። መነጽር ቤት ገብቶ ፊደል ማንበብም የሬቲና ምርመራ አይደለም።

ዓይነት 2 ከሆናችሁ ምርመራው የሚጀመረው ስኳር እንዳለባችሁ በተነገራችሁ ሰሞን ነው፤ በሽታው ከናንተ ቀድሞ ገብቷልና። ዓይነት 1 ከሆነ በአምስት ዓመት ውስጥ። ከዚያ በየዓመቱ፤ ሐኪሙ ቶሎ ና ካለ ቶሎ። ድንገት ጥቁር ነገር እንደ ሸረሪት ድር ዓይናችሁ ፊት ቢንሳፈፍ፣ ብልጭታ ብታዩ፣ መጋረጃ እንደወረደ ቢጋርዳችሁ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ቢጎብጥባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

እኚያ እናት በመጨረሻ ተስማሙ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። «መጀመሪያ ዓይኔ ይታይ፣ ከዚያ መርፌው» አሉ። ትክክል ነበሩ። በሁለቱም ዓይናቸው መጠነኛ ጉዳት ተገኘ፤ ሌዘር የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ያልደረሰ፣ መርፌ ሳይጀምሩ የመጣ። ውጤቱን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ይኼ ሁሉ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጎረቤታቸው ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ መርፌውን ከመጀመራቸው በፊት አሥራ ሰባት ዓመት ኪኒን ሲወስዱ ኖረዋል። ዓይናቸው የታየው ሲጠፋ ነው።

ለምርመራው የምትሄዱ ከሆነ፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይጨመርላችኋል፤ ለጥቂት ሰዓታት ቅርቡ ይደበዝዝባችኋል፣ ፀሐዩም ይወጋችኋል። ሰው አስከትላችሁ ሂዱ፣ የፀሐይ መነጽር ያዙ፣ በዚያ ቀን መኪና አትንዱ። የምትወስዷቸውን መድኃኒቶችና የመጨረሻውን የኤችቢኤዋንሲ ውጤታችሁን አትርሱ።